እናቴን ይዤ ኩበር ፒዲ ልሂድ? የሄደ ሰው ይንገረኝ

ሰብለ ከሜልበርን

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

በልጆቹ የመስከረም ዕረፍት ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ወደሚወጣባት የደቡብ አውስትራሊያ ከተማ፣ ኩበር ፒዲ፣ በመኪና ለመሄድ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች (9 እና 12 ዓመት) እና ከደሴ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። መኪናችን ተራ ካምሪ ናት።

ነገሩ የተነሳው በትልቁ ልጄ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ኦፓል እንዲጽፍ ታዞ ቤት ሲያወራ እናቴ ሰማችው። «ይኼ እኮ እኛም አገር ይወጣል፣ ደላንታ» አለችው። ልጁ አላመናትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያትና የልጅ ልጅ ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። አሁን ሁለቱም ካልሄድን ብለው ይዘውኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ርቀቱ ነው። ከሜልበርን አደላይድ 725 ኪሎ ሜትር፣ ከአደላይድ ኩበር ፒዲ ደግሞ 846። መስቀልን አደላይድ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር አክብረን በማግስቱ ለመነሳት ነው ሐሳባችን። ግን አንዲት ጓደኛዬ «አቧራና ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ» አለችኝ። እውነት ነው? ካምሪ ይበቃል? ደግሞ ሰው የሚያድረው ከመሬት በታች ነው አሉ። እናቴ አየር ያጥራት ይሆን? የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ባለ ተሳቢው

እህት ሰብለ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። በዚያ መንገድ ጭነት አመላልሳለሁ። ስለ ከተማው ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ መንገዱ ልበል።

ካምሪዋ በደንብ ትበቃለች። የስቱዋርት አውራ ጎዳና ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን ድረስ አስፋልት ነው። ያለ ጂፕ አይሞከርም የሚሉሽን አትስሚ። ጎማዎቹን ግን ከመነሳታችሁ በፊት አሳዩ። ተጠባባቂው ጎማ ንፋስ ይኑረው፣ ክሪኩም መኪናው ውስጥ መሆኑን በዓይንሽ እዪ።

ከአደላይድ ፖርት ኦገስታ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኔ ምክር እዚያ እደሩ። ጠዋት ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ተነሱና የቀረውን 540 ኪሎ ሜትር በቀን ጨርሱት። ሲነጋጋና ሲመሻሽ መንዳት እዚያ አይመከርም። ካንጋሮና ኢሙ መንገድ ላይ ይወጣሉ፣ አጥር የሌለው የቀንድ ከብትም አለ። እኔ የፊት መከላከያ ብረት ያለው ትልቅ መኪና እየነዳሁ እንኳ በዚያ ሰዓት ፍጥነት እቀንሳለሁ። ካምሪ ካንጋሮ ከመታች ጉዞው እዚያው ነው የሚያበቃው።

ነዳጅ ላይ ልብ በሉ። ከፖርት ኦገስታ በኋላ ፒምባ አለ፣ ቀጥሎ ግሌንዳምቦ። ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ምንም የለም። ስለዚህ ገና ግማሽ ታንከር ቢኖራችሁም ግሌንዳምቦ ላይ ሙሉት። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው በደንብ ያዙ። ስልክ ለረጅም ርቀት አይሠራም፤ ካርታውን ቀድመሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ። እናትሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ ይሁን።

እኛን የመሰሉ ረጃጅም መኪኖች ታገኛላችሁ። ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱ፣ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አሉ። ለመቅደም አትቸኩሉ። ከፊት ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ካላያችሁ ከኋላ ተከተሉ። ከፊት ለፊት ሲመጡ ደግሞ ነፋሱ ትንሽ ይገፋችኋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ግራ ጠጋ ማለት ይበቃል።

መንገዱ በወታደራዊ መሞከሪያ ክልል፣ በዉሜራ በኩል ያልፋል። በአውራ ጎዳናው መሄድና ማረፊያዎቹ ላይ መቆም ይቻላል፣ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውስጥ መግባት ግን ክልክል ነው። ከፒምባ አለፍ ስትሉ ሃርት የሚባል የጨው ሐይቅ አለ፣ እዚያ አረፍ በሉ። ልጆቹ ነጩን ጨው ሲያዩ ይደሰታሉ፣ እናትሽም እግራቸውን ያፍታታሉ። መልካም መንገድ።


የወገል ጤናው

ሰብለ እህቴ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የደላንታ ልጅ ነኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ወገል ጤና ነው። አገር ቤት ሳለሁ ኦፓል የሚባል ነገር ስሙንም አልሰማሁም ነበር። በእኛ በኩል ድንጋዩ የተገኘው በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ። ዛሬ ታናሽ ወንድሜም የአክስቴ ልጆችም እንጀራቸው እሱ ነው። ስለዚህ አደላይድ ከገባሁ ጀምሮ ክፍት ቀን ባገኘሁ ቁጥር ኩበር ፒዲ እሄዳለሁ። እናትሽን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለልጅሽም አያትህ እውነቷን ነው በይው።

ጓደኛሽ አቧራና ጉድጓድ ነው ያለችው ልክ ናት። መታየት ያለበት ግን አቧራውና ጉድጓዱ ነው።

ከተማው ሊደርስ ሲል ሜዳው መልኩ ይቀየራል። ነጣ ያለ፣ አንዳንዱም ሮዝ የሚመስል የአፈር ቁልል በግራም በቀኝም ይጀምራል። እያንዳንዱ ቁልል አጠገብ ጉድጓድ አለ። አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊጠልቅ የሚችል ጉድጓድ። በአካባቢው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አሉ። አብዛኛው አልተደፈነም፣ አጥርም የለውም። መንገድ ዳር «አትሩጡ፣ ወደ ኋላ አትራመዱ» የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ ሰው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ፎቶ ሲያነሳ ስለሚገባ ነው። ልጆቹን ማሳው ውስጥ ብቻቸውን አትልቀቂያቸው። እናንተም ራሳችሁ ከአስጎብኚ ጋር ካልሆነ አትግቡ።

ታሪኩን ልጅሽ ይወደዋል። በፈረንጆቹ 1915፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ወርቅ ፈላጊዎች እዚያ ሰፍረው ነበር። ወርቅ አጥተዋል፣ ውሃም አልቆባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ልጁን ይዞ ነው የመጣው፤ ዊሊ ሃቺሰን ይባላል፣ ገና 14 ዓመቱ ነው። ትልልቆቹ ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ ልጁ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነግሮት ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ሲዞር ኦፓል አገኘ። ከተማው እንዳለ የቆመው በዚያ ልጅ ላይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ቆፋሪ ሆነው መጡ፣ ከመሬት በታች መኖርንም ያስፋፉት እነሱ ናቸው ይባላል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ ግሪኩ፣ ሰርቡ፣ ክሮአቱ፣ ጣሊያኑ ጎረፈ። ዛሬ ነዋሪው ከሁለት ሺህ በታች ነው፤ ከየአገሩ ያልመጣ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። እዚያ የሚቆፍሩት ትልልቅ ኩባንያዎች አይደሉም። ግለሰቦች ናቸው፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሆነው የተሻረኩ ጓደኛሞች። ሰውየው ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣል። 50 በ50 ወይም 50 በ100 ሜትር መሬት ይለካና በአራቱ ማዕዘን ችካል ይተክላል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ የእሱ ነው፣ ማንም ገብቶ አይነካበትም። ወንድሜ ይህን በስልክ ስነግረው ደጋግሞ የጠየቀኝ ስለ ማሽኑ አልነበረም። «ችካሉን ማንም አይነቅልበትም?» ነበር ያለኝ።

ማሽኑም ቢሆን መታየት አለበት። በመኪና ላይ የተጫነ ትልቅ መሰርሰሪያ ጉድጓዱን ያወርዳል። ታች ሌላ ማሽን ዋሻውን ወደ ጎን እየፋቀ ይሄዳል። አፈሩን የሚያወጣው ብሎወር የሚሉት መኪና ነው፤ እንደ ቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን በወፍራም ቱቦ ከጉድጓዱ ይመጥና ላይ ባለ በርሜል ውስጥ ያጠራቅማል። በርሜሉ ሲሞላ ከፈት ይልና አፈሩ ይወርዳል፣ ቁልሉ የሚሠራውም እንደዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የብርጭቆ ስባሪ የመሰለ ነገር ብልጭ ሲል ማሽኑ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በእጅ ነው፣ በትንሽ መሮና በመዶሻ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፖች ነው። ፖች ማለት ኦፓል ሆኖ ቀለም የማይጫወት፣ ዋጋ የሌለው ድንጋይ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰርብ መዳፉ ላይ አድርጎ ሁለት ቁራጭ አሳየኝ፤ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው። አንዱ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ዝም ያለ። ሌላው ትንሽ ዞር ሲያደርገው አረንጓዴው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሁለቱም ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) እና ውሃ ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች እኩል መጠን ይዘው፣ ተሰልፈው ስለተደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉታል። በመጀመሪያው ውስጥ ዝብርቅርቅ ብለዋል። ያን ያህል ነው ልዩነቱ፣ ሽማግሌው ግን ዕድሜውን የሰጠው ለእሱ ነው።

ደላንታ ሌላ ነው። የእኛ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ነው የመጣው፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ዐለት ውስጥ። የኩበር ፒዲው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ከነበረ ደለል ነው። የእኛ ኦፓል ያለበት ንብርብር ከአንድ ሜትር አይበልጥም፣ እሱም በገደሉ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከአምባው ላይ ገደሉን ይወርዳሉ፣ ተለጥፈው ይቆማሉ፣ በዶማና በመዶሻ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ድጋፍ የለውም፣ የራስ ቁር የለም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ዋሻ ተንዶ ሰዎች ውስጥ ሲቀሩ ወሬውን በዓለም ሚዲያ ሰምታችሁት ይሆናል። እኔ ያን ሌሊት እስኪነጋ ስልክ ስደውል ነው ያደርኩት። የእኔ ሰዎች ተረፉ፣ የሌላው ሰው ግን ቀረ።

ለዚህ ነው ልጅሽ ጉድጓዱን በደንብ እንዲያይ የምፈልገው። ቀለበቱ ሱቅ ውስጥ ሲያብለጨልጭ ከኋላው ሰው አለ። ኩበር ፒዲም ሞት ነበር፣ ዛሬም አደገኛ ሥራ ነው። ግን ሕግ ወጣለት፣ ካርታ ተሠራለት፣ ማሽን ገባለት። የእኛ ልጆች ጉልበትም ብልሃትም አላቸው። የጎደላቸው የዋሻ ድጋፍ፣ የራስ ቁር፣ ዐለቱን አይቶ «እዚህ አትግቡ» የሚል ባለሙያና ደላላ የማይቆርጥበት ገበያ ነው። ይህን ሁሉ ኩበር ፒዲ ላይ በዓይኔ ስላየሁ የማይቻል ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

ወደ ጉብኝቱ ልመለስ። ከቦታዎቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ኡሙናን ነው። ሙዚየምም የድሮ ማዕድን ዋሻም ነው፣ ለእናትሽ ጉልበትም ይቀላል። ባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ እንስሳት ወደ ኦፓል ተለውጠው የተገኙበትን ታሪክ እዚያ ያስረዷቸዋል። ኦልድ ታይመርስ ማይን የሚባለው ደግሞ በፈረንጆቹ 1916 በእጅ የተቆፈረ ነው። ተደፍኖ ተረስቶ ኖሮ በ1968 አንድ ሰው ከመሬት በታች ያለ ቤቱን ሊያሰፋ ሲቆፍር ነው የተገኘው። የመሮው ፍንቃይ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ልጆቹ የራስ ቁር አድርገው ራሳቸው እየዞሩ ያዩታል። ጎንበስ የሚያሰኝ ቦታ ስላለው እናትሽ ውጪ ሻይ ቢጠጡ ይሻላል።

ስለ ማደሩ አትጨነቂ፣ ከመሬት በታች እደሩ። በጋው ላይ ውጪው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ ውስጡ 23፣ 24 አካባቢ ነው፣ ያለ ማቀዝቀዣ። ክረምትም ያው ነው። ክፍሉ ወደ ጎን ኮረብታ ውስጥ የተፈለፈለ ስለሆነ በሩ እንደማንኛውም በር ነው፣ መሰላል የለም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ አየር የሚያስገባ ቱቦም ወደ ላይ ተቆፍሮለታል። ግድግዳው ላይ ማሽኑ የተወው ክብ ክብ ጭረት አለ። ቀይና ነጭ ደለል ተራ በተራ ይታያል። አፈሩ እንዳይረግፍ ላዩን ቀብተውታል፤ በእጅሽ ብትዳብሺው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ጨለማው ድፍን ነው። እጅሽን ፊትሽ ላይ ብታመጪው አይታይሽም። ለእናትሽ ትንሽ የሌሊት መብራት ያዢላቸው፣ ወደ መታጠቢያ ሲነሱ እንዳይደናቀፉ።

ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያው ቀን ድካም ነው። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወይም ሲመሽ ወደ ካንኩ ብሬካዌይስ ሂዱ፣ ከከተማው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመግቢያ ክፍያ ስላለው ከተማው ውስጥ ጠይቁ። መንገዱ አፈር ነው። ደረቅ ከሆነ ካምሪ ይገባል፣ ከዘነበ አትሞክሩት። መሬቱ የነባሮቹ የአንታኪሪንጃ ማቱ ያንኩኒጃጃራ ሕዝብ ነው። ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ኮረብታዎች ቆመው ታያላችሁ። እዚያው አጠገብ ዲንጎ የሚባለውን የዱር ውሻ ከበጎች ለመከልከል የተሠራው አጥር ያልፋል፤ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ልጆቹን ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ወደሆነው የኑድሊንግ ቦታ ውሰዷቸው። ኑድሊንግ ማለት ቆፋሪ የጣለውን አፈር ውስጥ የቀረ ኦፓል መልቀም ነው። ትንሽ መኮትኮቻ፣ ኮፍያና የሚረጭ ውሃ ይበቃል። ድንጋዩን እርጥብ ሲያደርጉት ቀለም ካለው ያኔ ይታያል። አብዛኛው ሰው ፖች ነው የሚያገኘው፣ ልጆች ግን ፖችም ደስ ይላቸዋል። በሰው ማሳ ቁልል ላይ ግን አንድ ጠጠር እንዳያነሱ። እዚያ እንደ ስርቆት ነው የሚታየው፣ ሊሆንም ይገባል።


ማክዳ አደላይድ

ወንድሜ የወገል ጤናው፣ እግዚአብሔር ወገኖቻችንን ይጠብቅልን። አንብቤ ልቤ ተነካ።

ሰብለ፣ እኔም እናቴን ይዤ ሄጄ ስለነበር አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቦች ከመሬት በታች ያነጹት የቅዱስ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በፈረንጆቹ 1993 ነው የታነጸው። ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል፣ ግን ኦርቶዶክስ ነው። እናቴ ከበሩ ጀምራ ጫማዋን ልታወልቅ ነበር፤ እዚያ የግድ አይደለም ብለን ነው ያስተውናት። ውስጡ ረጅም ነው፣ ጣሪያው ቅስት፣ ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ምስል ከራሱ ከዐለቱ ተፈልፍሎ ወጥቷል። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ስሜት አለው። የእኛ አባቶች ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው ሕንጻውን ከዐለቱ ለይተው አቆሙት። እነዚህ ደግሞ እንደ ማዕድን ቆፋሪ ወደ ጎን ገቡ። እናቴ ተንበርክካ ረጅም ጸሎት አደረሰች፣ ማንም አልተናገራትም። ወደ ታች የሚወስድ መውረጃ ስላለው ቀስ ብላችሁ ውሰዷቸው። ቀጭን ነጠላ ይዘው ይግቡ፣ ከውጪው ሙቀት ወደዚያ ሲገቡ ይበርዳል።

ምግብ ከተማው ውስጥ አለ፣ ፒዛና የግሪክ ምግብ ታገኛላችሁ። ሱቁም ደህና ነው፣ ግን ሁሉም ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለእናትሽ ችግር እንዳይሆን ሽሮ በርበሬና ትንሽ የጉዞ ምድጃ ያዢ። እኔ ዳቦ ቆሎና በሶ ይዤ ነበር፣ መንገድ ላይ ያዳነን እሱ ነው። ውሃ እዚያ እንደ ከተማ ውሃ አይደለም። ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ተስቦ፣ ጨው ተለይቶለት ነው የሚጠጣው። ገላ ስትታጠቡ ቶሎ ቶሎ።

ዝንቡን ደግሞ አትናቂው። መስከረም መጨረሻ ላይ መሞቅ ስለሚጀምር የፊት መረብ ያለው ኮፍያ ለሁላችሁም ግዢ።


ሰብለ ከሜልበርን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የደላንታውን ልጅ ታሪክ ስትሰማ አለቀሰች። ጸሎት ላይ አስቤዋለሁ በይው ብላለች። እንሄዳለን፣ ፖርት ኦገስታም እናድራለን።

ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ የወገል ጤናው። አንደኛ፣ እናቴ ለጣቷ ቀለበት የሚሆን ኦፓል ከዚያ መግዛት ትፈልጋለች። እንዳንታለል ምን እናድርግ? ሁለተኛ፣ ለካ ከደሴ ስትመጣ ያልተወለወለ የደላንታ ድንጋይ በመሐረብ ቋጥራ ለልጄ አምጥታለት ኖሯል። ይዘነው ሄደን ከዚያኛው ጋር ማስተያየት ይቻላል?


የወገል ጤናው

ለእናትሽ ጸሎት ምስጋናዬ ትልቅ ነው፣ ለወንድሜ እነግረዋለሁ።

ስለ ቀለበቱ። በደረሳችሁበት ቀን አትግዙ። የመጀመሪያውን ቀን ሱቅ ለሱቅ እየዞራችሁ እዩ፣ ጠይቁ። ሻጮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ቆፋሪ ወይም የቆፋሪ ቤተሰብ ናቸው፣ ማስረዳት ይወዳሉ። ሦስት ዓይነት አለ። ሙሉው ድንጋይ፣ ሁሉም ኦፓል የሆነው። ደብሌት፣ ስስ ኦፓል ከጥቁር መደገፊያ ጋር በሙጫ የተጣበቀ። ትሪፕሌት፣ በእሱ ላይ ደግሞ ከላይ ጥርት ያለ ክዳን የተደረገበት። ሁለቱ በርካሽ ቢሸጡ ነውር የለውም፣ ዋጋቸው ያንን ካንጸባረቀ። ከጎን እዪው፤ ቀጥ ያለ የመጋጠሚያ መስመር ካለ የተጣበቀ ነው። ቀለበት ውስጥ ከታሰረ ግን ጎኑ ስለማይታይ ሻጩን በግልጽ ጠይቂና ደረሰኙ ላይ አጽፊው። እናትሽ እጃቸውን አዘውትረው የሚታጠቡ ከሆነ ሙሉውን ይግዙ፣ የተጣበቀው ውስጥ ውሃ ከገባ ይደበዝዛል።

የኩበር ፒዲ ድንጋይ ባብዛኛው መደቡ ነጭ ወይም ጥርት ያለ ነው። በጥቁር ኦፓል የታወቀው ኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው ላይትኒንግ ሪጅ ነው። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። የእኛን የወሎ ድንጋይ በጭስ ወይም በቀለም አጥቁረው እንደ ውድ ጥቁር ኦፓል የሚሸጡ በየገበያው አሉ። ሲታወቅ ስሙ የሚጠፋው የደላንታ ድንጋይ ነው። ያልተነካው የእኛ ድንጋይ በቀለሙ ከማንም አያንስም፣ በራሱ ስም መሸጥ ይገባዋል።

ድንጋዩን መብራት ስር ብቻ አትዪ። ይዘሽው ወደ ደጅ ውጪ፣ ጥላ ስርም ፀሐይ ላይም አዙሪው። ከየትኛውም አቅጣጫ ቀለሙ የማይሞት ከሆነ ጥሩ ነው። ቀይ ያለበት ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ይወደዳል። ዋጋው በካራት ነው፣ ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጡልን በሉ።

ያንን የመሐረቡን ድንጋይ ግን በእርግጥ ይዛችሁ ሂዱ! ቆፋሪዎቹ ጋ አሳዩት፣ ክብ ይሠሩበታል። ልጅሽ ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ሙከራም አለው። ደረቁን የደላንታ ድንጋይ ምላሱ ጫፍ ላይ ያስነካው። ያዝ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም የእኛ ኦፓል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የኩበር ፒዲው አይይዝም። ከዚያ ሁለቱንም በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያቆያቸው። የእኛው ብርሃን እስኪያሳልፍ ይጠራል፣ ቀለሙም ሊሸሽ ይችላል። አይደንግጥ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሲያደርቁት ግን ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታድርጉት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጨርቅ ላይ ጥላ ውስጥ ትተውት ቀናት ይጠብቅ። ሽቶ፣ ዘይትና ባለቀለም ውሃ አያስነኩት። ለንጽጽሩ የሚሆን የኩበር ፒዲ ቁራጭ ከፈለገ፣ ሱቆቹ ላይ ፖች በትንሽ ገንዘብ ይሸጣሉ፤ ወይም ራሱ ኑድሊንግ ላይ የለቀመውን ይጠቀም።